ሸፊ ፉል ፓኬጅና የክፍሉ ቁልፍ

አዲሱ ገበያ ላይ ቆሞ ሸፊን አላውቀውም የሚል ሰው ካገኘህ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ዋሾ ነው። ሰፈሩ የሚጠራው ግን "ሸፊ ፉል ፓኬጅ" ብሎ ነው። ስሙን ያወጡለት የታክሲ ሾፌሮች ናቸው፣ ያኔ ገና ዘፈን ጫኝ በነበረ ጊዜ። መንገዱ ዳር አንድ በር የምታህል ሱቅ ነበረችው። ሾፌሩ ሚሞሪውን ይዞ ይመጣና፣ "ሸፊ፣ አንድ አሥር ዘፈን ጫንልኝ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ" ይለዋል።

"አሥር? ምን አጥቼ! ለሰው አሥር ዘፈን ሰጥቼ በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ? ቁጭ በል፣ ፉል ፓኬጅ ነው የምጭንልህ።"

ይጭናል። እስከ አፍ ገደፉ። ዘፈን፣ መንዙማ፣ መዝሙር፣ ቀልድ፣ የህንድ ፊልም፣ የዛሬ ስንት ዓመት የተደረገ የኳስ ጨዋታ ሳይቀር። ሾፌሩ የፈለጋትን አንዲት ዘፈን ለማግኘት ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ አሥር ጊዜ መመላለስ ነበረበት። አንዱማ በጾም እናቶችን ጭኖ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ መዝሙሩ አለቀና የሠርግ ጭፈራ ተከተለ። ግማሾቹ እናቶች አማተቡ፣ ግማሾቹ ትከሻቸውን በግድ ያዙት ይባላል። ሾፌሩ ተናዶ መጥቶ ሲጮህበት ሸፊ ምን አለ? "ስለመረቅኩህ ነው የምትቆጣኝ?"

ይሄ ጠባይ ከሜዳ አልመጣም። እናቱ እዚያው አዲሱ ገበያ ሽንኩርት ሻጭ ነበሩ። ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ ሁለት ራስ ሽንኩርት ሳይመርቁ ፌስታሉን አያስሩም። "ሚዛኑ የሕግ ነው፣ ምርቃቱ የሰው ነው" ይሉ ነበር። ምርቃት የመለሰባቸው ሰውማ ወዮለት! አንዲት ሴትዮ "ይበቃኛል፣ እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፣ ይበላሽብኛል" ብላ ሁለቷን ሽንኩርት ብትመልስላቸው፣ ሦስት ዓመት ሰላምታ ነሷት። ሸፊ ያደገው ከዚያ ሚዛን ሥር ተቀምጦ ነው። ልክ የሆነ ነገር ለእሱ የጎደለ ነገር ነው።

ስልኩ ሁሉ ኢንተርኔት ሲሆን የዘፈን ጭነቱ ሞተ። ሸፊ ግን በዚያችው ሱቅ ኮምፒውተር መፍታትና መግጠም ለምዶ ስለነበር፣ ወይዘሮ ታየች ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ማሠልጠኛ ሲከፍቱ ጠሩት። ወይዘሮ ታየች ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ቁጣቸው አጭር፣ ፍርዳቸው ደግሞ ከቁጣቸው ያጠረ። አርባ ኮምፒውተር አንድ ክፍል ውስጥ ደርድረው፣ ቁልፉን መዳፉ ላይ ጣል አደረጉና "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ክፍል የአንተ ነው" አሉት። ይሄ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያለው አንድ ቁልፍ ነው፤ ሁለተኛ አልተቀረጸም።

ሸፊ የቤቱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ጥሎ ያውቃል። የክፍሉን ግን አንድም ቀን! በአረንጓዴ ገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ከሸሚዙ ሥር ይውላል፣ ከሸሚዙ ሥር ያድራል። ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ እንኳ ወደ ጀርባው ያዞረዋል እንጂ አያወልቀውም። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ልሂድ፣ እኔ ካልከፈትኩ ሰው ሁሉ ደጅ ነው የሚቆመው" ይላል። ሰው የሚኮራው ባለው ነገር ነው። አንዱ በመኪናው፣ አንዱ በልጁ። ሸፊ በዚያች ቁልፍ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ሸፊ በፊት ለአርባው ኮምፒውተር አንድ ነገር ለመጫን ፍላሹን ይዞ፣ ወንበሩን እየጎተተ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሁለት ቀን ሙሉ ይዞር ነበር፤ ልክ እንደ ክትባት ዘመቻ። ከሁለት ዓመት በፊት ታዲያ አንዲት ፕሮግራም አገኘ። እኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በጣቴ ነክቼ አላውቅም፣ ፊደልም አልቆጠርኩም፤ ግን አንድ ጊዜ ከነገሩኝ ከሠራው ሰው አሳምሬ ነው የማስረዳህ። ፕሮግራሟ አዛዥ ናት። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠህ "ይሄን ጫኑ፣ ያንን አጥፉ፣ በዚህ ሰዓት ተነሡ" ብለህ አንዴ ትጽፍላታለህ። እሷ አርባውን እየዞረች ታስፈጽምልሃለች። አንተ እግርህን ዘርግተህ ሻይህን ነው።

ይህቺ አዛዥ የምትመጣው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው አስኳሏ ብቻ ነው፤ ትእዛዝ የምታስፈጽምበት ዋናው ነገር ከጥቂት የዕለት መሣሪያ ጋር፣ ትንሽዬ ናት። ለየት ያለ ሥራ ሲመጣ የዚያን ሥራ ቅጥያ ብቻ አምጥተህ ትጨምርላታለህ። ሁለተኛው ያው አስኳሏ ሆኖ፣ የዓለም ሰው የሠራላት ቅጥያ ደግሞ፣ ፈለግክም አልፈለግክም፣ አንድ ላይ ታስሮ ይመጣል። ሸጎሌ በግ ልትገዛ ስትሄድ አንዱ ነጋዴ አንዷን በግ ይሸጥልሃል፤ ሌላው "ከነመንጋዋ፣ ከነገመዷ፣ ከነውሻው ውሰድ" ይልሃል። እንደዚያ ማለት ነው። የበግ ነገር ከተነሣማ፣ ሸጎሌ ውስጥ ሳልነካ በዓይኔ ብቻ ኪሎውን የምነግር ሰው እኔ ነኝ፣ ጠይቅ። ይቅር፣ ወደ ሸፊ።

ሸፊ የትኛውን መረጠ? ይሄ ይጠየቃል! አንድ ሆቴል ዋይፋይ ሥር ሦስት ቀን ማኪያቶ እየደጋገመ ፉል ፓኬጁን አወረደና በአንዲት ጥቁር ሀርድ ዲስክ አጨቀው። ከዚያ ያደረገውን የሽንኩርት ሻጭ ልጅ ካልሆነ ማንም አያደርገውም። አዛዧ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብትቀመጥ ይበቃ ነበር፤ የቀሩት መታዘዝ እንጂ ማዘዝ ሥራቸው አይደለም። ሸፊ ግን "ለአንዱ ሰጥቼ ሠላሳ ዘጠኙን ልከልክላቸው?" ብሎ ለአርባውም ጫነላቸው። ለሁሉም እኩል፣ ሆዳቸው እስኪነፋ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሮቹ ጠዋት ሲከፈቱ እያቃሰቱ ሆነ። የማሠልጠኛው ዘበኛ አቶ ወልዱ በመስኮት እያዩ፣ "አንተ ሸፊ፣ እነዚህ ማሽኖች ስግደት ላይ ናቸው እንዴ? ምነው አንዴ ከተደፉ አልነሣ አሉ?" ይሉታል። አቶ ወልዱ የድሮ ወታደር ናቸው፤ የገባውንና የወጣውን ቦርሳ ሁሉ ይፈትሻሉ፣ የወይዘሮ ታየችን ቦርሳ ሳይቀር።

"አያ ወልዱ፣ ብዙ እውቀት የያዘ ሰው ሲነሣ ይከብደዋል" ይላል ሸፊ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እሱ የሚቀናበት ሰው አልነበረውም። የሚቀናበት ሰው የመጣው ከገዛ ቤቱ ነው፤ የሚስቱ የኡሙሀኒ ታናሽ ወንድም፣ አብራር።

አብራር አንድ ድርጅት ውስጥ ሰባት ዓመት በኮምፒውተር ክፍል ሠርቶ፣ አሁን ለራሱ የሚሠራ ሰው ነው። ቀጭን ነው። ቦርሳውም ቀጭን ነው፣ ንግግሩም ቀጭን ነው። ሲበላ እንኳ ሦስት አራት ጊዜ ጎርሶ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ እጁን ይሰበስባል፣ ሰውም "እንዴት ያለ ጨዋ ነው!" ይላል። ሸፊ ሁለት እንጀራ በልቶ "ጨዋ" ያለው የለም። ሸፊ አማቱ ቤት ሲሄድ ሁለት ኪሎ ሙዝ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን፣ ብስኩት፣ ለስላሳ በሁለት እጁ ተሸክሞ ነው፤ ጣቱ በፌስታል እየተቆረጠ። አብራር እጁን እያወዛወዘ ይገባና የእናቱን ግንባር ይስማል። እናትየው ብርቱካኑን ወደ ጓዳ ይልካሉ፣ አብራርን አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ይሄን እያየ ሸፊ ስንት ዒድ ጨጓራው ሲላጥ እንደከረመ አላህ ነው የሚያውቀው።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ምሳ ላይ ነው።

"እትዬ ታየችን መንገድ ላይ አገኘኋቸው" አለች ኡሙሀኒ። "ኮምፒውተሮቹ ቀርፋፋ ሆነውባቸዋል። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ሠልጣኞቹን በኮምፒውተር የሚፈትኑ ፈታኞች ይመጡባቸዋል። አብራር አየት ያድርግልዎት አልኳቸው።"

ሸፊ የያዘውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ። "ማን?"

"አብራር። ወንድሜ። ስንት አብራር አለ?"

"እኔ ሞቻለሁ?"

"ማን ሞተ አለህ? ሊያግዝህ ነው።"

"አግዙኝ ብዬ ያለቀስኩት መቼ ነው?"

"የጀና አባት፣ ይሄ እኮ ቅናት ነው።"

"ቅናት? እኔ? በአብራር? ሆ!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከአፉ ሲወጣ ሳል መሰለ። ኡሙሀኒ ውሃ ቀዳችለት፤ እሱም የባሰ አናደደው።

ሰኞ ጠዋት አብራር ያቺን ቀጭን ቦርሳ ይዞ መጣ። ሸፊ በሩን ከፈተለት፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነው ያዞረው፣ እንዲታይ። ወይዘሮ ታየችም መነጽራቸውን አድርገው ከኋላ ገቡ። አብራር አንዱ ጋ ተቀመጠ፣ ነካ ነካ አደረገ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ወደ ሦስተኛው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ አፉን በእጁ ሸፈነ።

"ምንድን ነው የሚያስቅህ?" አሉት ወይዘሮ ታየች።

"ምንም፣ እትዬ። ጋሼ፣ አዛዧን ለሁሉም ነው እንዴ የጫንከው?"

"ለሁሉም" አለ ሸፊ፣ ደረቱን ነፍቶ። "እኔ ጋ አድልዎ የለም።"

"አይ... እ... ማለቴ፣ አንዱ ላይ ብትሆን ይበቃል። ሌሎቹ ይታዘዛሉ እንጂ አያዙም። ከነሙሉ ጓዟ ናት ደግሞ! እዚህ ክፍል ውስጥ እኮ ከሦስት አራቱ ቅጥያ በቀር የሚያስፈልገን የለም።"

ወይዘሮ ታየች መነጽራቸውን አወለቁ። "አሃ! አርባ ወታደር ቀጥሬ መስሎኝ፣ ለካ አርባውም ጄኔራል ነው! ማን ሊተኩስልኝ ነው ታዲያ?"

በር ላይ የቆሙት አቶ ወልዱ ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው ወደ ደረጃው ሮጡ። ሸፊ ጆሮው ጋለ። ሳቁ አላልቅ አለ፤ ከደረጃው ታች ድረስ ሰማው።

አብራር እስከ ምሳ አርባውንም ጠረገ። አስኳሏን ብቻ የራሱ ላፕቶፕ ላይ አስቀመጠ፤ የተጫነችበት ጊዜ አንድ ሻይ አይፈጅም። ሦስት ቅጥያ ከኢንተርኔት አምጥቶ ጨመረና አንድ ቁልፍ ተጫነ። አርባው ኮምፒውተር ከዚህ እስከዚያ ጥግ ቦግ፣ ቦግ፣ ቦግ እያለ ተነሣ።

"እሰይ!" አሉ ወይዘሮ ታየች አጨብጭበው። አሥራ አንድ ዓመት ለሸፊ አጨብጭበው አያውቁም።

"ጋሼ፣ ያቺን ፉል ፓኬጅ ሀርድ ላይ አለችህ አይደል?" አለ አብራር በትሕትና።

"አጥፍቼዋለሁ" አለ ሸፊ። ውሸት ነው። ቦርሳው ውስጥ ነበረች። ግን ያን ጊዜ ስሟ ሲነሣ መስማት አልፈለገም።

ወይዘሮ ታየች ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ። "ሸፊ፣ የሐሙሱ ፈተና ካለፈልን ቁልፉን ለአብራር ታስረክበዋለህ። ቅር እንዳይልህ። ሥራውን የሚያውቀው ይያዘው።"

በቃ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሸፊ ሳያውቀው እጁ ከሸሚዙ ሥር ገባና ቁልፏን ጨበጠ።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሸፊን ሆድ ለጠላቴ አልሰጥም። ሻይ ቤት ሲቀመጥ አብራር ነው የሚታየው። ሲተኛ አብራር። ሱቁ ፊት ቆሞ፣ "እግዚ... አላህ ሆይ፣ አንዲት ነገር ትጉደልበት፣ አንዲት ብቻ" ሲል አንዱ ጎረቤት ሰምቶታል፤ ከድንጋጤው ብዛት የጎረቤቱን ጸሎት ሊጀምር ሁሉ ምንም አልቀረውም። ቅናት ያለበት ሰው ምሥጥ እንዳለበት ቋሚ ነው። በውጭ ሲያዩት ቀጥ ብሏል። እኔ በዕድሜዬ የዕድር ድንኳን ስንቴ ተክያለሁ፣ ቋሚውን በጣቴ ቆርቆር አድርጌ ነው የማውቀው። ሸፊን ያን ሰሞን ቆርቆር ብታደርገው ባዶ ነበር የሚጮኸው።

ረቡዕ ወደ ማታ ከፈታኞቹ ዘንድ ስልክ ተደወለ፤ ተፈታኙ አርባ ሳይሆን አርባ ስምንት ሆኗል። ስምንት ትርፍ ኮምፒውተር መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ ነበር፤ አንድ የተዘጋ ድርጅት በስጦታ የሰጣቸው አሮጌዎች። ሐሙስ ጠዋት ሸፊና አቶ ወልዱ ተሸክመው አወጧቸው፣ ሸፊ ገጣጠማቸው፣ ተነሡ። አብራር ላፕቶፑን ከፍቶ "ፈተናውን ጫኑ" የሚለውን ትእዛዝ ሰደደ። አርባው እሺ አሉ። ስምንቱ ዝም።

"እነዚህ ሌላ ዓይነት ናቸው" አለ አብራር። "የእነሱ ቅጥያ የለችኝም። ችግር የለም፣ አሁን አወርዳታለሁ።"

ይሄን ባለ በሩብ ሰዓት ደጅ ለአስፋልት ሥራ መንገዱን የሚቆፍር ማሽን የኢንተርኔቱን መስመር በጠሰው። ኢንተርኔት ጠፋ። ስልኩንም ሞከረ፤ ኔትወርኩ ክቡን እያዞረ እያዞረ ቀረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፈታኞቹ የሚመጡት አራት ሰዓት ነው። በፍላሽ አንድ በአንድ እንጫን ቢባል ስምንቱ እስከ ምሳ አያልቁም። ወደ ፒያሳ ሄዶ አውርዶ መመለስም፣ በዚያ ቁፋሮና በዚያ የታክሲ ሰልፍ፣ የማይታሰብ ነው።

አብራር ላቡን ጠረገ። ሸፊ አብራርን ላብ ሲያልበው ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ምን ልበልህ፣ ማር ጠብ ያለበት ያህል ጣፈጠው!

"ስምንት ልጅ ልመልስ ነው?" አሉ ወይዘሮ ታየች። "በእነማን ፊት? ይሄ ቤት እኮ ዳግመኛ ፈተና አይሰጠውም!"

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ አብራር ቀስ ብሎ። "አስኳሏ ትበቃለች ብዬ ልክ ልኳን ያዝኩ። ያቺ የጋሼ ፉል ፓኬጅ ባትጠፋ ኖሮ ቅጥያዋ ውስጧ ነበረች።"

ጥቁሯ ሀርድ ዲስክ ሸፊ ቦርሳ ውስጥ ናት፣ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ምንም አይዋሽም፤ ሰኞ ዋሽቶ ጨርሷል። ዝም ካለ አብራር በሁሉ ፊት ይወድቃል፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ ይቀራል፣ ኡሙሀኒም "ወንድሜ" ማለቷን ትተዋለች።

በሩ ላይ ግን አቶ ወልዱ ቆመዋል። ጠዋት ቦርሳውን የፈተሹት እሳቸው ናቸው። ትክ ብለው አዩት፤ ዓይናቸውን ሳያነሡ ጢማቸውን አሻሹ። ወታደር ናቸው፣ ሰው ራሱ እንዲናገር መጠበቅ ያውቁበታል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሸፊ ለስምንቱ ልጆች አዝኖ አይደለም። የወልዱንም ዓይን ፈርቶ አይደለም። "ፉል ፓኬጅ ባትጠፋ ኖሮ" የምትለዋ ቃል ናት የገባችበት። አብራር፣ ያ ጨዋው አብራር፣ በገዛ አፉ፣ በወይዘሮ ታየች ፊት! ያንን ሰምቶ ፉል ፓኬጁን ቦርሳ ውስጥ ደብቆ መቆም፣ ሎተሪ ደርሶት ዕጣውን እንደ መዋጥ ሆነበት።

"ማን ጠፋ አለ?" ብሎ ጮኸ። ሀርድ ዲስኳን መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ቧ አደረጋት። "ይሄ የሸፊ ቤት ነው! ሸፊ ጋ ምን ይጠፋል? ውሰድ! ሁሉንም ውሰድ!"

"ጋሼ! ሰኞ አጥፍቼዋለሁ አላልከኝም?"

"ሰኞ ሰኞ ነው። ውሰድ ብዬሃለሁ።"

"የትኛው ጋ ነው ያለችው?"

ሸፊ ሀርድ ዲስኳን ከፈተና ጎንበስ አለ። በሺህ የሚቆጠር ስም እንደ ጉንዳን ረድፍ ወረደበት። ሁለት ዓመት ተሸክሟት፣ ውስጧን አንድ ቀን ገልጦ አይቶ አያውቅም። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ አዞረ። "እዚህ... አይ፣ ወደዚህ... አለች እኮ፣ የለችም አይደለም" አለ።

አብራር በሸፊ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ አንዲት ስም ጻፈ። ወዲያው ወጣች። እሷን ብቻ፣ ያችን አንዲት ቅጥያ፣ ወደ ላፕቶፑ ቀዳና ሀርድ ዲስኳን ነቅሎ በሁለት እጁ መለሰለት።

"ሌላውስ?" አለ ሸፊ።

"ይበቃል ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ።"

"ሌላውንም ውሰድ እንጂ! መረቅኩህ!"

"አይ፣ ይበቃኛል።"

መለሰለት! ያቺ ሽንኩርት የመለሰችው ሴትዮ፣ ሸፊ ዓይን ላይ በአካል መጥታ ቆመች። ስምንቱ ኮምፒውተሮችም ቦግ፣ ቦግ እያሉ እሺ አሉ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ አቶ ወልዱ እንኳ። ለሸፊ የታየችው ግን በእጁ የቀረችው ሀርድ ዲስክ ናት።

ፈተናው አለፈ። ፈታኞቹ ተጨባብጠው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ታየች ሁለቱን ጠሯቸው። ሸፊ አረንጓዴውን ገመድ ገና ሳይጠየቅ ከአንገቱ አወጣው። ደረቱ ላይ የቁልፏ ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት፤ ቀስ ብሎ፣ ልጁን ጀናን ሕፃን ሆና ሲያስተኛት እንደነበረው።

"አብራር፣ እንካ" አሉ ወይዘሮ ታየች።

አብራር ቁልፏን አያት። ግራ ገባው እንጂ አልተግደረደረም። "እትዬ፣ ቁልፍ ምን ያደርግልኛል? እኔ እኮ ከቤቴ ሆኜ ነው የማዝዛቸው። እዚህ የምመጣበት ምክንያት የለም። በሩን የሚከፍት ሰው እዚህ ቢኖር ነው የሚሻለው።"

ወይዘሮ ታየች አሰብ አደረጉና ቁልፏን በጣታቸው ወደ ሸፊ ገፋ አደረጓት። "እንግዲያው ያው አንተው ያዛት።"

ደስ ይለው ነበር፣ አይደል? አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃት፣ አራት ቀን እንቅልፍ ያጣላት ቁልፍ ተመለሰችለት። ግን አብራር አልፈለጋትም! አንስቶ እንኳ አላያትም! ሰው የምትኮራበትን ነገር ሲነጥቅህ አንድ ነገር ነው፤ ሳያነሣው ሲያልፍ ግን፣ ያ ነገር በእጅህ ላይ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሸፊ መልሶ አንገቱ ላይ አጠለቃት። ከበደችው።

ማታ ኡሙሀኒ ደግሞ በሩ ላይ ተቀበለችው። "ሰማህ? አብራር ቁልፉን ለአንተ ተወልህ! ወንድሜ እኮ ልቡ ሰፊ ነው!"

"ራት አለ?" አለ ሸፊ።

"አለ እንጂ።"

"ትንሽ ብቻ አቅርቢልኝ" አለ። ሦስት ጊዜ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። ኡሙሀኒ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች። "አመመህ እንዴ?" አለችው። ጨዋ ነው አላለችም።

የተበጠሰው መስመር ተቀጥሎ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሸፊ ክፍሉን ከፍቶ ገባ። ቆመ። ማንም ሳይነካቸው ኮምፒውተሮቹ ከዳር ጀምሮ መነሣት ያዙ፤ አብራር ከቤቱ፣ ምናልባት ከአልጋው ሳይወርድ፣ አዝዟቸዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሸፊ የገዛ ቤቱ ውስጥ እንግዳ የሆነ ያህል እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባት ቁጥር ላይ ጨለማ። ስምንት ተነሣ፣ ዘጠኝ ተነሣ፣ እስከ አርባ ስምንት ተነሣ። ሰባት ቁጥር ብቻ ዓይኗን ጨፍና ቀረች።

ስልኩ ጠራ። አብራር ነው።

"ጋሼ፣ ሰባት ቁጥር እምቢ አለችኝ። ሦስቴ አዘዝኳት። ቅጥያ ይጎድላት ይሆን?"

ሸፊ ሰባት ቁጥርን ያውቃታል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደረጃው ላይ ከተሸካሚ እጅ ያመለጠችው እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሆነ ነገሯ ልል ነው። ብርድ ያደረ ቀን በግራ ጎኗ፣ ከታች፣ በመዳፍ አንዴ ካላሏት አትነሣም። ይሄ በአስኳሏም ውስጥ የለም፣ በፉል ፓኬጁም ውስጥ የለም።

ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጥብቆ ያዘ። ጎንበስ አለና በመዳፉ ጠፍ አደረጋት።

ቦግ።

"ተነሣች!" አለ አብራር ከወዲያ። "ምን አደረግካት?"

ሸፊ ቀና አለ። የእናቱ ሚዛን፣ ፌስታሉ፣ ሁለቷ ራስ ሽንኩርት ታዩት። ከዚያ ደግሞ በሁለት እጅ የተመለሰችለት ጥቁሯ ሀርድ ዲስክ።

"እኔ? ምንም" አለ። "ቆሜ ነበር።"

የመዳፉን ነገር ለራሱ አስቀርቶ ስልኩን ዘጋው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዛኑን ልክ አድርጎ፣ ሳይመርቅ ፌስታሉን አሰረ።